ስለ ኦርኬስትራ መሪ ፊልም የምትሠሩ፣ የድምፁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ

ስለ አንድ የኦርኬስትራ መሪ አጭር ድራማ ፊልም ሠርቻለሁ። እኮራበታለሁ። የኮንሰርቱን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ግን እናደዳለሁ። ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ለቀጣዮቹ ልጻፈው።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከአርመናዊው ሙዚቀኛ ከነርሲስ ናልባንድያን ሕይወት ነው። አጎታቸው ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን የ«አርባ ልጆች»፣ ማለትም የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የሙዚቃ ጓድ የመሩ ናቸው። ነርሲስ ደግሞ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። የእኔ ገጸ ባሕሪ ግን ፈጠራ ነው።

ስክሪፕቱ ብዙ አላስቸገረኝም። ሙዚቀኞቹ ጓደኞቼና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ተዋናዩ የአራት ምቱን አመራር፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ እያለ ቶሎ ያዘው። ለሙዚቃው የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ መረጥን። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ስለሆነ ለድርሰቱ የሚከፈል ነገር የለም። ሌሎች የቀረፁትን ቅጂ ከወሰዳችሁ ግን ባለቤት አለው፣ ተጠንቀቁ።

ያቃጠለኝ አዳራሹ ነው። ማመልከቻ አስገባሁ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ኦርኬስትራ እንደምንቀርፅ በግልጽ ተጽፏል። በቀረፃው ጠዋት መብራቱ ተተክሎ፣ ቫዮሊኖቹ ተቃኝተው ልንጀምር ስንል ሌላ ኃላፊ መጡ። ጎን ያለው ክፍል ስብሰባ ስላለ ድምፅ ማሰማት አይቻልም አሉ።

«ጋሼ፣ ኦርኬስትራ እኮ ነው» አልኳቸው።

«የተፈቀደላችሁ ቀረፃ ነው። ሙዚቃ የሚል የለም። ድምፅ ሳታሰሙ ቅረፁ።»

የፈረሙትን ኃላፊ ፍለጋ ሮጥኩ። እሳቸውም ስብሰባው ውስጥ ናቸው፣ ጥሩልኝ ብል የሚጠራ ጠፋ። ኪራዩ ተከፍሏል፣ አይመለስም። ሙዚቀኞቹን በሌላ ቀን እንደገና መሰብሰብ አይታሰብም። ስለዚህ ሙዚቃውን ከስልክ ዝቅ አድርገን ከፍተን፣ የቫዮሊኑ ደጋን ክሩን ሳይነካ ቀረፅን።

ጉዳቱ የታየው ኤዲቲንግ ላይ ነው። የመሪ እጅ ከድምፁ ይቀድማል። መሪው መጀመሪያ እጁን አንስቶ ይተነፍሳል፣ ሙዚቀኞቹም አብረውት ይተነፍሳሉ፣ ድምፁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይሄ ሲምፎኒ ደግሞ የሚጀምረው በአጭር ዝምታ ነው። እጁ ሲወርድ ምንም አይሰማም፣ ሦስቱ አጫጭር ኖታዎች ቀጥለው ይፈነዳሉ። እኛ ጋ ግን ተዋናዩም ሙዚቀኞቹም ስልኩን እየሰሙ እኩል ተንቀሳቀሱ። መሪው ማንንም አልመራም። ድምፁን ትንሽ ወደ ኋላ ስገፋው እጁ ልክ ይሆናል፣ ደጋኖቹ ይበላሻሉ። ደጋኖቹን ሳስተካክል እጁ ይዘገያል። ያንን ትዕይንት ያየ ሙዚቀኛ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል።

በፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ከፍቶ፣ መቅረፅ ይሻላል፣ ይቀላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ለዘፈን ክሊፕ ይሁን። ለመሪ ፊልም በፍጹም አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ታር» የተባለ ፊልም ተዋናይቷ ኬት ብላንሼት የድሬስደን ፊልሃርሞኒክ ፊት ቆማ ራሷ መርታለች፣ ድምፁም በቀጥታ ተቀድቷል። በእሷም በሙዚቀኞቹም ትከሻ ላይ ይታያል። አሥር ሙዚቀኛ ብቻ ቢኖራችሁም በእውነት ይጫወቱ። ቢሳሳቱም ይሳሳቱ፣ ፊታቸው ላይ የሚታየው እውነት ይሆናል።

ማመልከቻው ላይ «በድምፅ የሚጫወት ኦርኬስትራ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከሰዓቱ ጋር። ቢሮው የኃላፊው ፊርማ ይበቃል ይላችኋል። አይበቃም። የአዳራሹን ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው በአካል አግኙና የማመልከቻው ቅጂ ላይ አስፈርሙት። ከተቻለ እሑድ ቅረፁ፣ ስብሰባ አይኖርም።

ኪራዩ እንዲመለስልኝ ያስገባሁት አቤቱታ እስካሁን መልስ አላገኘም። ሄጄ ስጠይቅ «እየታየ ነው» ይሉኛል። መጠየቄን አላቆምም። ገንዘቡ ሲመለስ ሌላ አዳራሽ ተከራይቼ ያንን ትዕይንት በድምፅ እቀርፀዋለሁ፤ ሙዚቀኞቹም እንመጣለን ብለውኛል።