ሐዘንተኛን ያሰበ ደረጃ

አርክቴክት ነኝ፤ የሰው ሥራ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ እንከን ነው የሚፈልገው። ስቶክሆልም ውስጥ አፌን በእጄ ያስያዘኝ ሥራ ግን የአስከሬን ማቃጠያ ነው።

ያለበት የመቃብር ቦታ ስኩግስሺርኮጎርደን ይባላል፣ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ። ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ፣ ጥድ የበቀለበት መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የንድፍ ውድድሩን ያሸነፉት ጉናር አስፕሉንድና ሲጉርድ ሌቨረንትስ ጫካውን አልመነጠሩትም፤ መቃብሮቹን እዚያው ጥዱ ሥር አስገቧቸው። የአስፕሉንድ ማቃጠያ በ1940 ተጠናቀቀ። እሱም በዚያው ዓመት ሞቶ እዚያው አርፏል።

ጉብታው ላይ በኤልም ዛፍ የተከበበ ማረፊያ አለ። ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የእርከኑ ከፍታ እያነሰ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ጫፍ ሲደርስ ትንፋሹ እንዳይቆራረጥ። ሜትሬን አውጥቼ ልለካ ስጎነበስ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ አልፈውኝ ወጡ፤ አንዴም አልቆሙም።

የቅዱስ መስቀል ጸሎት ቤትም እንደዚሁ ነው። ወለሉ ወደ ሬሳ ሳጥኑ በቀስታ ያዘቀዝቃል፤ ሳያስቡት እግር ወደዚያ ያዘነብላል። የመስተዋትና የብረት ፊት ለፊቱ ደግሞ እንዳለ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ለቀስተኛው ሲበዛ ጸሎት ቤቱና ውጭ ያለው ሰፊ በረንዳ አንድ ይሆናሉ። (የኛ ሰው ለቅሶ ሲመጣ ስንት እንደሚሆን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።)

ጫካው ውስጥ ዩሀን ሴልሲንግ የነደፈው አዲስ ማቃጠያም አለ፤ ዘመኑ የሚጠይቀውን የጭስ ማጣሪያ የያዘ ነው። ከጥርስ ሙሌት የሚወጣው ሜርኩሪ አየር ውስጥ እንዳይገባ መያዝ አለበት። ከውጭ ጡብ ብቻ ነው፣ ጥዶቹ ግድግዳው አጠገብ ድረስ ቆመዋል። ውስጡ ነጭ ነው፣ ኮንክሪትና የሚያብረቀርቅ ጡብ። ቀኑን ሙሉ ምድጃ አጠገብ ለሚውለው ሠራተኛም ታስቦበታል፤ በዚህ በኩል ከታዋቂው ከአስፕሉንድ ሥራ አስበልጠዋለሁ።

ስዊድን ውስጥ በብዙ ከተሞች የማቃጠያ ሙቀት ወደ ቤት ማሞቂያ መስመር እንደሚገባ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«በስመአብ! ሰውን አንድደው ቤት ይሞቁበታል?»

«እማዬ፣ አለዚያ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይጠፋል እኮ።»

«ይጥፋ!»

አልተከራከርኳትም። በኛ ቤተ ክርስቲያን አስከሬን አይቃጠልም፤ የጽዱና የወይራው ጥላም የሐዘንተኛ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። ችግሩ በከተማው ደብሮች ዛፉ ተቆርጦ ሲሚንቶ መቃብር በሲሚንቶ መቃብር ላይ መደራረቡ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመቃብር ቦታ ንደፍ ብባል ምድጃውን ለስዊድኖቹ ትቼ ደረጃውን፣ ያዘቀዘቀውን ወለልና ያልተቆረጠውን ዛፍ እወስዳለሁ። ደረጃው እንደሆነ ተጨማሪ ሲሚንቶ እንኳ አይጠይቅም።