ብራናው ሲነዝር

ቪየና ለሥራ ሄጄ አንድ ቅዳሜ ነፃ ሆንኩ። ጠዋት ሄልደንፕላትዝ አደባባይ ላይ፣ ኖየ ቡርግ በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉትን የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሳይ ዋልኩ። ዐይኔን የያዘው የፒያኖዎቹ እግር ሥር ነው። የዛሬ ፒያኖ ሁለት ወይ ሦስት ፔዳል ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ግን አምስት ስድስት ተደርድሮላቸዋል። ይህ ሁሉ ምን ያደርግላቸዋል?

ከሰዓት በኋላ እዚያ የሚኖር ጓደኛዬ አሮጌ ፒያኖ የሚያድሱ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። እሳቸውም የሞዛርትን የቱርክ ማርሽ መጫወት ጀመሩ። መሀል ላይ አንዱን ፔዳል ረገጡ። ድም! ከበሮ ነው። ቃጭሉም አብሮ ተንጫጫ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ለካ ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ መዶሻ የፒያኖውን የድምፅ ጣውላ ከታች ይመታል።

የኦቶማን ቱርክ ጦር ቪየናን እ.ኤ.አ. በ1683 ከቧት ነበር። መቶ ዓመት አልፎ ስጋቱ ሲበርድ፣ ጃኒሳሪ የሚባሉት የኦቶማን ወታደሮች ከበሮና ቃጭል የከተማዋ ፋሽን ሆነ። ሞዛርት ማርሹን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው። ፔዳሉ የተስፋፋው ግን እሱ ካረፈ በኋላ ነው።

ቀጥለው ሌላ ፔዳል ረገጡና በግራ እጃቸው ወፍራሞቹን ክሮች ብቻ መቱ። ክው አልኩ። በገና! ያው የምናውቀው፣ ሆድ ውስጥ የሚገባው ንዝረት። ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። ከአንድ ቀጭን እንጨት ሥር የብራና ቁራጭ ተለጥፏል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብራናው ወርዶ ክሮቹን ይነካል፤ ክሮቹም ሲርገበገቡ ይነዝራል። ባሱን የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ለማስመሰል ነው የተሠራው። እኔ ግን የሰማሁት የፆም ሰሞን ነው።

የበገናም ምስጢር ይኸው ነው። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ፣ ማለትም አውታሮቹን በሚሸከመው እንጨት ላይ፣ ሲያርፍ ከሥሩ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እሷ ከሌለች በገናው አይነዝርም። ፒያኖ ሠሪዎች እነዚህን ፔዳሎች ኋላ ላይ መተዋቸው ያሳዝነኛል። ጥራት ፍለጋ ብለው ስንት ድምፅ ጣሉ!

ስልኬን አውጥቼ በገና አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሄም ብራና ነው?» አሉኝ።

«ቆዳ ነው» አልኳቸው።

የብራናውን ፔዳል እንደገና ረገጡና፣ የበገናውን ድምፅ በግራ እጃቸው አንድ በአንድ ይፈልጉ ጀመር።