«ጋሼ፣ ጥሩ ነው?»
ዛሬ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አንዲት ተማሪ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ አባት ዘንድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንስታ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው።

«የፍቅር ታሪክ ብቻ ፈልገሽ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ትሰለቺያለሽ» አሏት። «ሰብለ ወንጌል ቶሎ አትመጣም፤ በፊት የበዛብህን እናትና አባት ነው የምታውቂው። የዚያን ዘመን ባላባትና ጉዱ ካሳን ማወቅ ከፈለግሽ ግን እንዳትለቂው!» ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ግማሽ ገጽ ያህል አነበቡላትና «በይ አንቺ ቀጥዪ» ብለው ሰጧት። ልጅቷ እዚያው እንደቆመች ቀጠለች።

እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ዳሰሳ ናፍቆኛል። አብዛኛው ዳሰሳችን ወይ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይዘረግፈዋል፣ ወይ «ድንቅ ነው፣ አንብቡት» ብሎ ያልፋል። እኔ «እዚህ ጋ ትሰለቺያለሽ» ለማለት የሚደፍር ሰው መጽሐፉን ሲያደንቅም አምነዋለሁ። ስለ መጽሐፍ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንኳ አስቀምሱን።