ሀ ሁ ይዘምራል፣ ማንበብ ግን አይችልም

ዩኬጂ የጨረሰ ልጅ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሳይተነፍስ ይወርደዋል። መሀል ላይ አስቁማችሁ «ይቺ ማን ናት?» ብላችሁ «ዴ»ን ብትጠቁሙት ግን ከደ ተነስቶ ደ ዱ ዲ ዳ እያለ ካልደረሰባት አያውቃትም። አንዳንዱማ የሚነሳው ከሀ ነው። ብዙ ወላጅ ይሄን ሲያይ ልጁ ሰነፍ ይመስለዋል። ስንፍና አይደለም። ልጁ ከስልክ የተማረው ዜማ ነው፤ ዜማውን ደግሞ በደንብ ችሎታል።

ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የዚህን መድኃኒት ያውቀዋል፣ መድኃኒት መሆኑን ባያውቅም። የኔታ ፊት የፊደል ገበታ ይዞ የተቀመጠ ልጅ በስንጥር ሳይነካ ድምፅ አያወጣም። ሀ ሁውን በቁጥር (ፊደል በፊደል እየጠራ) ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው የንባብ ጽሑፍ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ከመግባቱ በፊት አቡጊዳ ይጠብቀዋል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቀጣዩ መስመር በ ጉ ዲ ብሎ ይነሳል። ብዙዎቻችን ትርጉም የሌለው ጫጫታ ይመስለን ነበር። ሥራው ግን ዜማውን መስበር ነው። በአንድ መስመር ሰባት ፊደላት ከግዕዝ (ከመጀመሪያው) እስከ ሳብዕ (እስከ ሰባተኛው) በሰባት መልክ ስለሚመጡ፣ የፊተኛዋን ማወቅ የኋለኛዋን ለመገመት አይጠቅምም። ልጁ የግድ ማየት አለበት። (አቡጊዳም ቢሆን ሲደጋገም በቃል ይያዛል፤ ለዚህ ነው የኔታ ከመሀል እየዘለሉ የሚጠይቁት።)

ኩርኩሙንና አለንጋውን የሚናፍቅ የለም፤ አይናፈቅምም። ከዚያ ቤት መውሰድ ያለብን ሁለት ነገር ነው፦ አቡጊዳውንና «ሳትችል አታልፍም» የሚለውን ሥርዓት። የዛሬው ክፍል የሚሄደው በሳምንታዊ ዕቅድ ነው። ሳምንቱ ካለቀ፣ ልጁ «መ»ን ቻለም አልቻለም ትምህርቱ ወደ «ሠ» ይሻገራል። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ከለ እስከ ሎ 10 ጊዜ ጻፍ» ተብሎ ይመጣል። ልጁ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እዩት፦ መጀመሪያ አሥር ለ ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፣ ከዚያ አሥር ሉ። ገጹ ሞልቷል፣ አንዲት ፊደል ግን አልተነበበችም። ጽሑፉ ካልቀረ ወደ ጎን፣ እያንዳንዷን ጮክ ብሎ እየጠራ ይጻፍ። ሦስት መስመር ይበቃል።

ቤት ውስጥ ለመጀመር 231ዱን ፊደል አታቅርቡለት። ሰባት ብቻ ውሰዱ፦ ለ መ ረ ሰ በ ተ ነ። ከነእርባታቸው 49 ይሆናሉ። ከብስኩት ካርቶን 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 49 ካርዶች ቁረጡና በወፍራም እስክሪብቶ አንድ አንድ ፊደል ጻፉባቸው። መጀመሪያ በተራ ይደርድራቸው። ሲችል የራሳችሁን አቡጊዳ ሥሩለት፦ ለ ሙ ሪ ሳ ቤ ት ኖ፣ ቀጥሎ መ ሩ ሲ ባ ቴ ን ሎ፣ እንዲህ እያለ ሰባት መስመር። ከዚያ ካርዱን በውዙና እያወጣችሁ ጠይቁ። ሳያመነታ የመለሰውን ወደ አንድ ወገን፣ ከፊተኛዋ እየቆጠረ የደረሰበትን ወደ ሌላ አስቀምጡ። የነገ ትምህርት ያ ሁለተኛው ክምር ነው። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ልጁም እናንተም ትናደዳላችሁ። እነዚህ 49 ፊደላት ላም፣ ሎሚ፣ ነብር፣ ተራራ፣ ሰላም፣ ምላስ፣ ሌሊት፣ ብርሌ የሚሉትን ቃላት ይሰጣሉና ገና በጅምሩ እውነተኛ ቃል ያነባል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ጠያቂነቱን ለእነሱ ስጡ፤ በቄስ ትምህርት ቤትም ጀማሪውን የሚያስቆጥረው ብዙ ጊዜ የቀደመው ተማሪ ነበር።

የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ባና ቦን፣ ሳና ሶን ያምታታል፤ ልዩነቱ የትኛው እግር አጠረ የሚለው ብቻ ነውና። ራብዕ (አራተኛው መልክ) ላይ ግራው፣ ሳብዕ ላይ ቀኙ ያጥራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በጣቱ ያስኪዳቸው። ካዕብ (ሁለተኛዋ) በቀኝ ወገብ፣ ሣልስ (ሦስተኛዋ) በቀኝ እግር ላይ ጭረት ትጨምራለች ብላችሁ ስታስተምሩ ሩና ሪ ከሕጉ ይወጣሉ፤ ለብቻቸው አስጠኗቸው። ከባዷ ሳድስ (ስድስተኛዋ) ናት፤ ል፣ ም፣ ስ፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ስለሚለወጡ ሕግ አትፈልጉላቸው። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቅረቡ። ልጁ የሚያውቃት ፊደል ላይ ምን እንደተጨመረ ራሱ ያግኘው።

እንግሊዝኛ ቀድሞ የለመደ ልጅ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሲባል የሚታየው የእንግሊዝኛው ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጭታ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ አንዱ ጠዋት ከሆነ ሌላው ማታ ይሁን።

ፊደሉን ለይቶም ማንበብ የሚያቅተው አለ። «ትምህርት»ን ት-ም-ህ-ር-ት እያለ እያንዳንዷን ሳድስ ያስረዝማል፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳነበበ አያውቅም። ድሮ ለዚህም መሰላል ነበረው፤ ያው መልእክተ ዮሐንስ መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ ግዕዝ በሚባለው አነባበብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ አቀላጥፎ በሚነበብበት በቁም ንባብ ይባላል። ጽሑፉ አንድ ነው፣ የሚለወጠው አነባበቡ ነው። ዛሬ በየቀኑ አዲስ ገጽ ስለሚገለጥ ልጁ ሁልጊዜ ቁጥር ላይ ይቀራል። አራት አምስት መስመር ያላት አጭር ጽሑፍ ምረጡና አንድ ሳምንት ሙሉ በእሷ ላይ ቆዩ፦ በመጀመሪያው ቀን ፊደል በፊደል፣ በሦስተኛው ቃል በቃል፣ በሳምንቱ መጨረሻ እንደ ንግግር። በቃሉ ይዟት እንደሆነ ለመለየት ከመጨረሻው ቃል ወደ ፊት አስነብቡት።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ጽሕፈታችን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ሲባል ይላላል። ይህን የሚያውቀው ቋንቋውን የሚናገር ልጅ ብቻ ነው፤ ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ የማይናገር ልጅ ቃሉን በጆሮው ሳይሰማ ካርድ አይስጡት።

ሐና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ የመጨረሻ ይሁኑ። ልጁ አቀላጥፎ ካነበበ በኋላ ከነቃላቸው ይምጡ፦ ሕዝብ፣ ኃይል፣ ሥራ፣ ዓመት፣ ፀሐይ። እስከዚያ «ስራ» ብሎ ቢጽፍ በቀይ አታስምሩበት፤ የየሱቁ ማስታወቂያም እንደዚያው ነው የሚጽፈው።