የመብራቱ ጥፋት አልነበረም

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ የሚመጣው የወባ በሽተኛ የሚበዛበት ሰሞን። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ላብራቶሪ የአንድ አዲስ ውሕድ ውጤት ወጣና ሁሉንም አስፈነደቀ። ውሕዱ የተሠራው የወባ ተሕዋሲ የቅባት ጡብ የሆነውን ፋቲ አሲድ የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም እንዲያግድ ነው። 96 ዌል (ትንንሽ ጉድጓድ) ባለው ፕሌት ላይ 72 ሰዓት ቆይቶ፣ የተሕዋሲውን ዲኤንኤ በሚያበራው ሳይበር ግሪን በተባለ ቀለም ሲነበብ፣ ከትልቁ መጠን እስከ ትንሹ ከ90 በመቶ በላይ ገድሏል።

አንጋፋዋ ቴክኒሽያን ግራፉን አይታ ፊቷ አልፈካም። መስመሩ እንደ አስፋልት ጠፍጣፋ ነው። መድኃኒት ሲቀጥን ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ በ10 ማይክሮሞላርም በ10 ናኖሞላርም እኩል የሚገድል ከሆነ ገዳዩ ሌላ ነው።

«መድኃኒት ያልገባበትን ዌል አየኸው?» አለችው ሠልጣኙን።

«እትዬ፣ እሱን ከባለፈው ሳምንት ፋይል ነው የወሰድኩት። ቀመሩ እዚያው ስለነበር...»

ነገሩ ወዲህ ነው። የኤክሴሉ ሰንጠረዥ የባለፈውን ሳምንት ንጽጽር፣ ማለትም መድኃኒት ያልገባበትን ዌል ቁጥር፣ እንደያዘ ቀርቷል። ዲኤምኤስኦ (የመድኃኒቱ ማሟሚያ) ብቻ ከገባባቸው የዚህ ሳምንት ዌሎች ስላይድ ተሠራ፤ በ10 በመቶ ጊምዛ 15 ደቂቃ ተቀልሞ ማይክሮስኮፕ ላይ ወጣ። በሪንግ (ቀለበት በሚመስል የልጅነት) ደረጃ የገባ ጤነኛ ፋልሲፓረም የተባለ የወባ ተሕዋሲ በ48 ሰዓት ዑደቱን ጨርሶ፣ ሁለተኛው ትውልድ በ72ኛው ሰዓት ትሮፎዞይት (ያደገ ተሕዋሲ) መሆን ነበረበት። የታየው ግን የተኮማተረ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ኑግ የተበተነ ይመስላል። መድኃኒት ያልነካውም ሞቷል።

መጀመሪያ የተከሰሰው፣ እንደ ልማዱ፣ መብራት ነው። ማክሰኞ ሌሊት ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነስቷል፤ የኢንኩቤተሩም መዝገብ ከ37 ዲግሪ አልወረደም። ቀጥሎ ፕሌቱ የሚቀመጥበት፣ ሻማ በውስጡ ነዶ ኦክሲጅኑን የሚቀንስበት የሻማው ማሰሮ ተጠረጠረ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳስቶ ይሆናል ተባለ። ይህም አያስኬድም፤ ፋልሲፓረም ሲጀመርም የሚወደው ኦክሲጅኑ ያነሰ አየር ነው፣ በጋዝ ሲሊንደር የሚሠሩትም ብዙ ጊዜ የሚሰጡት 5 በመቶ ብቻ ነው።

የቀረው ተሕዋሲው የሚያድግበት የምግብ ፈሳሽ፣ ሚዲየሙ ነው። በመዝገቡ አርፒኤምአይ 1640፣ ሄፔስ፣ ባይካርቦኔት፣ ሃይፖዛንቲንና ጄንታማይሲን ሁሉም በልኩ ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር «አልቡሚን፣ 5 ግራም በሊትር» ይላል። ሁልጊዜ የሚገባው አልቡማክስ 2 የሚባለው፣ ቅባቱን እንደያዘ የሚሸጠው የከብት አልቡሚን ነበር። እሱ አልቆ ሠልጣኙ ከመደርደሪያው ሌላ የአልቡሚን ጠርሙስ አነሳ። ዱቄት ከዱቄት አይለይም። ከጠርሙሱ ግርጌ በደቃቅ ጽሕፈት «ከፋቲ አሲድ የጸዳ» ይላል። ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው፤ «አልቡሚን» ብሎ የተወው መዝገቡ ነው።

ይህ ለምን እንደሚገድል ማወቅ መድኃኒት ፍለጋውንም ይመለከታል። አንድ ተሕዋሲ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ16 እስከ 32 ሜሮዞይት (አዲስ ልጅ ተሕዋሲ) ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሽፋን ያስፈልጋል፣ ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው። የተቀመጠበት ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክሊየስ የለውም፣ ቅባት አይሠራለትም። ስለዚህ ፋቲ አሲዱን ከፕላዝማ ይለቅማል። አልቡሚን የሚገባውም እንደ ጋሪ ጭነት እንዲያመላልስ ነው፤ በዚያ ሳምንት ባዶ ጋሪ ቀረበለት።

አልቡማክሱ እስኪመጣ ካልቸሩን፣ ማለትም በሚዲየም የሚያድገውን ተሕዋሲ፣ ለማቆየት ፓልሚቲክና ኦሌይክ አሲድ እያንዳንዳቸው 30 ማይክሮሞላር ተጨመሩ። ጥንዱ ከሌለ ነገር የለም። እዚህም እጅ ይጠይቃል፦ ፓልሚቲክ የሚቀልጠው በ63 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በኢታኖል የተዘጋጀው ክምችት ፍሪዘር ውስጥ ይረጋል። ሞቅ አድርጎ ማሟሟት፣ ከዚያ አልቡሚን ባለበት 37 ዲግሪ ሚዲየም ላይ እያወዛወዙ ጠብታ በጠብታ መጨመር ነው። በቀዝቃዛ ሚዲየም ላይ ከፈሰሰ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ይወጣል፤ 0.22 ማይክሮን ማጣሪያው ላይ ይቀርና ሚዲየሙ ዳግም ባዶ ይሆናል።

ካልቸሩ አገገመ። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ስላይዱ ላይ ማጭድ የመሰሉ ጋሜቶሳይቶች (ወደ ትንኝ የሚሻገሩት ቅርጾች) ከወትሮው በዝተው ታዩ። ምክንያቱ ያው ቅባት ነው። በፕላዝማም በአልቡማክስም ላይሶፎስፋቲዲልኮሊን የተባለ ቅባት አለ፤ ተሕዋሲው ለሽፋኑ የሚፈልገውን ኮሊን በብዛት የሚያገኘው ከእሱ ነው። ሲያጥረው መባዛቱን ትቶ ወደ ትንኝ ለመሻገር ይሰናዳል። የኮሊንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት የሚሞክር ሰው ሚዲየሙ ውስጥ ያለውን ካላወቀ የሚያነበው ቁጥር የመድኃኒቱ ይሁን የምግቡ አይለይለትም።

ውሕዱ በአዲስ አልቡማክስ፣ ከታወቀው የወባ መድኃኒት ከክሎሮኩዊን ጎን፣ እንደገና ተሞከረ። ክሎሮኩዊኑ 3ዲ7 የተባለውን ዝርያ በናኖሞላር መጠን ገደለ፤ ውሕዱ እስከ 10 ማይክሮሞላር ድረስ ምንም አላደረገም። ይህ ሊያስገርም አይገባም ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ትራይክሎሳን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ይህንኑ የፋቲ አሲድ መሥሪያ መንገድ ዘግቶ ወባን ይገድላል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የመንገዱ ጂኖች የጠፉባቸው ተሕዋስያን ደም ውስጥ ያለ ችግር እንደሚያድጉ፣ የአይጥ ወባ ላይ ደግሞ የሚሰናከሉት በጉበት ደረጃ መጨረሻ መሆኑ ታየ። ይህ መንገድ የሚገኝበት፣ አፒኮፕላስት የተባለው የተሕዋሲው ክፍል ግን ሁሉ ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ እዚያው የሚሠራው አይሶፕሪኖይድ የተባለ ውሕድ ለደም ደረጃም የግድ ነው፣ ፎስሚዶማይሲን የተባለው መድኃኒት የሚመታውም የእሱን መሥሪያ ነው።

ለውሕዱ ትክክለኛው ፈተና የጉበት ሕዋስና ስፖሮዞይት (ትንኝ ወደ ሰው የምታስገባው ተሕዋሲ) የያዘ ትንኝ ይፈልጋል፤ ላብራቶሪው ሁለቱም የሉትም። ተጠቅልሎ ወደ ፍሪዘር ተመለሰ። የጸዳው ጠርሙስ ላይ በፕላስተር «ባዶ ጋሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከኤክሴሉም የንጽጽሩ ቁጥር ተሰርዞ፣ የዕለቱ ካልገባ ቀመሩ እንዳይሠራ ተደርጓል።