ግለቱ በረደልኝ፣ ቆዳዬ የተጎዳው ግን ከዚያ በኋላ ነው

አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ውጪ ስሠራ ዋልኩ። ሰማዩ በስሱ ደመና ለብሶ ስለነበር የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ትዝም አላለኝ። ስስ ደመና ግን አብዛኛውን አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ቆዳ የሚያቃጥለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ ያሳልፋል። ማታ ክንዶቼና ፊቴ እንደ ምድጃ ጋሉ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ነገሩ የገባኝ እጅጌዬ ሲነካኝ ሲያመኝ ነው።

በማግስቱ ባሰብኝ። በሦስተኛው ቀን ቀለል አለኝ። አለፈልኝ ብዬ ፊቴን በሳሙና ሙልጭ አድርጌ ታጠብኩ፣ ሻከር ያለኝንም ቦታ በስክረብ፣ ማለትም ቆዳ በሚፍቅ ሻካራ ቅባት፣ ፈተግኩት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለዓመታት ስቀባው የኖርኩት ያው ሎሽን ጉንጬን ለበለበኝ። ቀዝቃዛ ውኃ እንኳን ያቃጥለኝ ነበር። መስታወት ጠጋ ብዬ ሳይ ጉንጬ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ሴሎፎን ያብለጨልጫል፣ ተወጥሯል፣ ፈገግ ስል ደግሞ ከአፌ ዳር ጀምሮ ጥቃቅን ነጫጭ ስንጥቆች ይወጣሉ። ግለቱ ከበረደ በኋላ ለምን እንዲህ ሆነ? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ማንበብ ጀመርኩ።

የቆዳችን የመጨረሻው የላይ ንጣፍ ውፍረቱ አብዛኛው ቦታ ላይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ከአንዲት ዘለላ ፀጉር ይቀጥናል። ፒተር ኢላያስ የተባለው የቆዳ ሐኪም ይህን ንጣፍ በግንብ መስሎታል። ጡቦቹ የሞቱ ሴሎች ናቸው። ሲሚንቶው ደግሞ ቅባት ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች፣ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ። ውኃ ከውስጣችን ተንኖ እንዳያልቅ፣ ከውጪም የሚያስቆጣ ነገር እንዳይገባ የሚያደርገው ይህ ሲሚንቶ ነው።

አሁን የዘገየበት ምክንያት። ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት፣ ማለትም ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው፣ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ከግንቡ ሥር ባሉት ሕያው ሴሎች ላይ ነው። ሲሚንቶውን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ቀድሞ የተሠራው ግንብ ለጥቂት ቀናት እንደቆመ ይቆያል፣ ከዚያ በጨረር የተመቱት ሴሎች ወደ ላይ እየወጡ ቦታውን ሲይዙ ይዘውት የሚመጡት ቅባት ጎዶሎና የተዘበራረቀ ስለሚሆን ውኃው መትነን ይጀምራል። ሕመሙና ግለቱ በአንድ ቀን ውስጥ ጣራ ይነካል፣ ግንቡ የሚላላው ግን ከቀናት በኋላ ነው። እኔ ስክረብ ያነሳሁት ልክ በዚያ ሰዓት ነበር። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምንኛ በወደድኩ!

ሌላው የፊት ወዝ ነው። ከወዛችን ከመቶ 12 እጅ ያህሉ ስኳሊን የሚባል ቅባት ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቶሎ ይበላሻል። ዩቪኤ የሚባለው ሌላው የአልትራቫዮሌት ዓይነት ሲመታው ወደ ፐርኦክሳይድ ይለወጣል፣ ይህ ደግሞ የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል። በዚያ ሳምንት ግንባሬ ላይ የወጣብኝ ሽፍታ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዩቪኤ በመስኮት መስታወትም ያልፋል፣ ስለዚህ የሥራ ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ ራቅ አድርጌዋለሁ።

ለማገገም ያደረግኩት ብዙ አይደለም። ሳሙና አቆምኩ፤ ተራ ሳሙና አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ሴራማይድ የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ግን የሚሠሩት ቆዳው አሲዳማ ሲሆን ነው። ለብ ባለ ውኃ ብቻ ታጠብኩ፣ ሳልደርቅም ቅባት ተቀባሁ። ከዚያ ክንዶቼን ለየኋቸው። ቀኙን ቫዝሊን ብቻ፣ ግራውን ሦስቱም የግንቡ ቅባቶች ያሉበት ክሬም። የቀኙ ማቃጠል በሁለት ቀን ቆመ፣ ግራው እስከ አምስተኛው ቀን ይለበልበኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ሁለቱም አንድ ሆኑ። የእኔ ሁለት ክንድ ጥናት አይባልም፣ ግን ነገሩ ይገባል። ቫዝሊን ወዲያው ከላይ ይከድናል፣ ውኃው እንዳይተን ይይዘዋል። ሴራማይድና ጓደኞቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብተው ሴሎቹ ለግንባታ ይጠቀሙባቸዋል፣ ይሄ ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ክሬሙን ከሥር፣ ቫዝሊኑን ከላይ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቆዳው ገና ትኩስ ሳለ ቫዝሊን አይቀባም፣ ግለቱን ያፍነዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማብረድ ነው።

ፀሐይ በመታኝ ዕለት ጠዋት ደግሞ ቆዳዬ ወዛም ከሆነ ፀሐዩን ይችላል ብዬ የአትክልት ዘይት ተቀብቼ ነበር የወጣሁት። አይችልም። ዘይት ጨረር የማገድ አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ብዙዎቹ የአትክልት ዘይቶች ራሳቸው በብርሃን ይበላሻሉ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም አሁን የምቀባው በመጠን ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው የመከላከል አቅም ቁጥር (SPF) የተለካው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፣ አብዛኞቻችን የምንቀባው ግን የዚያን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ አወጣለሁ፣ ውጪ ከዋልኩ በየ2 ሰዓቱ እደግማለሁ። ቁጥሩ በዋናነት ስለ ዩቪቢ ስለሚናገር ዩቪኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበትን እመርጣለሁ። በአየር ትንበያ የሚነገረው የቀኑ የዩቪ መለኪያ (UV index) 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰማዩ ቢደምንም ኮፍያዬን አልተውም።

ፀሐይ ከመታኝ ደግሞ ሰባት ቀን እቆጥራለሁ። በእነዚህ ቀናት ስክረብ የለም፣ ሬቲኖል የሚባለው ቆዳ የሚያድስ ቅባት የለም፣ ቆዳ የሚልጥ አሲድ ያለበት ነገር የለም፣ የሚላጠውንም ቆዳ አልነካም። ውኃ ቋጥሮ ካበጠ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ቤት ውስጥ መሞከሩን ትቼ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው።