እሮጥ ነበር እንዴ?

መብራት የሄደው ሽሮው ገና መንተክተክ ሲጀምር ነው። ልጄ "አባዬ፣ ሲመጣ አንተ አማስለው" ብላኝ ጎረቤት ልታጠና ሄደች። ገና ስላልመሸ አምፖል አላበራንም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። እኔ ቁጭ ብዬ ለካስ ጠረጴዛውን በጣቶቼ እየደበደብኩ ኖሯል። ዝናብ ሲመጣ አብሮ መምታት የድሮ አመሌ ነው።

አመሉ የመጣው ባንዳችን ይለማመድባት ከነበረችው ከካዛንቺሷ ክፍል ነው፣ እኔ ድራመሩ ነበርኩ። ታውቋታላችሁ፣ ያቺ የቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን የቤዙ አክስት ግቢ ውስጥ የነበረችው ሰርቪስ። ኮርኒስ የላት፣ ቆርቆሮዋ ራቁቱን። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ድምፅ ያፈንን መስሎን ነበር። ጎረቤት ግን ጣሪያው ላይ ድንጋይ እየወረወረ አስተያየቱን መስጠት አላቆመም። ክረምት ላይ ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ እርስ በርስ ስለማንሰማማ ዝናቡን ራሱን እንከተላለን። ሲያካፋ እናካፋለን፣ ሲወርድ እንወርዳለን። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም አብራ ሄደች። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የት ጋ እንደነበረች ለልጄ ላሳያት ብዬ ጣቴን ቀስሬ ቀረሁ።

ድራሙም ከክፍሏ የሚያንስ አልነበረም። ቤዝ ድራሙ ውስጥ የእናቴን አሮጌ ጋቢ ጠቅጥቄበታለሁ፣ እንደ በርሜል እንዳይጮህ። ሲምባሉ፣ ያ የነሐስ ሳህን፣ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ይበሳል ሲባል ሰምቼ ምናለሽ ተራ ይዤው ሄድኩ። ብረት ቀጥቃጩ አገላብጦ አየውና "ይሄ የምን ክዳን ነው?" አለኝ። በሳልኝ፣ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ሁለት ዓመት አገልግሏል።

የሮክ ባንዱ ጃኖ ገና አልመጣም ያኔ። ሮክ እንጫወታለን ስንል ሰው የሚመልስልን "ጥሩ ነው፣ ግን ችክችካ ትችላላችሁ?" ነበር። እንችላለን። የስቲክ መግዣዬ የሰርግ ችክችካ ነበር፣ አላፍርም።

ያን ማታ ግን ሰርግ አልነበረም፣ የራሳችን ዝግጅት ነበር። 2001፣ መብራት በፈረቃ የነበረ ጊዜ። አራት ኪሎ አካባቢ ያቺ ትንሽ አዳራሽ። ተራው የኛ አይደለም ብለውን ነበር፣ ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ድርግም አለ። ሊድ ጊታሩ የሰቀላት ኖታ እንደተሰቀለች ቀረች፣ ዘፋኛችን የሞተ ማይክ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የጊታር ጀግንነት እስከ ሶኬቱ ድረስ ነው። ድራም ግን ቆጣሪ አያውቅም። አላቆምኩም። ሰው የኖኪያውን ባትሪ እያበራ ማጨብጨብ ጀመረ። ውጭ አንድ ሰውዬ የጀነሬተሩን ገመድ ይጎትታል፣ አይነሣም፣ ይጎትታል፣ እኔ እመታለሁ። በመጨረሻ ተነሥቶ ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እናንተም ታውቃላችሁ። ሚስቴን በተዋወቅኳት ቀን ነው የነገርኳት፣ ከስሜ ቀጥሎ።

ቅዳሜ ቤዙ ከሜሪላንድ በቴሌግራም አንድ የድምፅ ፋይል ላከልኝ። ዕቃ ሲያራግፍ ካሴት አገኘ፣ ያን ማታ አንድ ልጅ በትንሽ ቴፕ የቀዳው። ሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦ "ያን ቀን ማን ነበር የሚያሳድድህ?"

አራቴ ሰምቼዋለሁ። አሁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አምስተኛዬ ነው። መብራቱ ሳይጠፋ በፊት አንድ ዘፈን ነው፣ ሲመጣ ሌላ ዘፈን ነው። ጭብጨባው የፈጠነው ሰው ስለሞቀው ይመስለኝ ነበር። ምስኪን፣ እኔ ላይ ለመድረስ እየሮጠ ነው! ባንዱ ሲገባ ዘፋኙ ግጥሙን እየዋጠ ነው የሚዘፍነው፣ መተንፈሻ አጥቶ። ከዚያ ቤዙ ይሰማል። መጀመሪያ አብሮኝ ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ ኖታዎቹን ያሳጥራል፣ በእያንዳንዱ ዙር ቅንጣት ታህል ዘግየት ይላል፣ የደነበረ በሬ በቀስታ እንደሚመልስ ገበሬ። ዘፈኑ ሲያልቅ የጀመርንበት ፍጥነት ላይ ነን። እኔ አንዷንም አላወቅኳትም።

ልምምድ ላይ ሁልጊዜ ሃይሃቴ (በእግር የሚከደኑት ጥንድ ሲምባሎች) አጠገብ ቆሞ በጫማው መሬቱን የሚደበድበው ለዚህ ነበር? ሙዚቃው ገብቶት ነው እል ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ትሮጣለህ" ብሎኝ አያውቅም። ወይስ ብሎኛል?

መከራከሪያ አለኝ። እኔ ከበሮ የተማርኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ማኅሌት ላይ ከበሮ እንደ ሰዓት አይመታም። በዝማሜ ጊዜ ከበሮው ዝም ይላል፣ መቋሚያው ብቻ ነው የሚወዛወዘው። መረግድ ላይ ረጋ ብሎ ይገባል፣ ጽፋት ሲደርስ ይፋጠናል፣ ያኔ ሽማግሌውም ይነሣል። የማይፈጥን ከበሮ ነው የሚያስወቅሰው። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው እየተባለ ያደገ ልጅ፣ በደቂቃ 96 ምት የሚባል ነገር ከየት ያምጣ? እንዲያውም መሮጤ ስሕተት ሳይሆን ባህል ነው ብዬ ለቤዙ ልጽፍለት ነበር። ችግሩ፣ እሱም እዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ነበር። ከበሮም ይመታ ነበር። የኔታ ለበዓል የሚጠሩት እሱን ነበር፣ እኔን አይደለም። ይሄን ረስቼው ነበር።

የሮክ ባንዱ ሌድ ዜፔሊኖች ድራመራቸው ቦንሃም በ32 ዓመቱ ሲሞትባቸው ያለ እሱ አንቀጥልም ብለው ተበተኑ። እኔ ሥራ ይዤ ስወጣ የኛዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ ወንበሬ ላይ አስቀመጡ። (የቦንሃምን ያህል እንኳ ባይሆን አንድ ወር ሐዘን ይገባኝ ነበር።) ያ ልጅ ጆሮው ውስጥ ሜትሮኖም፣ ፍጥነት የሚጠብቅ ምት ቆጣሪ፣ ሰክቶ ነበር የሚመታው። ሄጄ አይቼው ስቄበታለሁ። ቤዙ ያን ማታ ከድራሙ ርቆ፣ መድረኩ ዳር ላይ ቆሞ፣ እየጨፈረ ነበር የሚጫወተው። ሲጨፍር ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ። ምነው አልገረመኝም?

ቅድም ስልኬ ላይ ሜትሮኖም ጫንኩ። 96 ላይ አድርጌ ሰማሁት፣ ድምፁን ዘግቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠረጴዛውን መታሁና ቆጠርኩ። ስንት እንደመጣ አልጽፍም።

ለቤዙ እስካሁን አልመለስኩለትም። "ታውቅ ነበር?" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። "ሁላችሁም ታውቁ ነበር?" ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በሣቅ የምትንከባለል ቢጫ ፊት ልልክለት ስል አንድ ነገር ሸተተኝ።

ማዳመጫውን ሳወልቅ ልጄ በር ላይ ቆማለች። "አባዬ፣ መብራት ከመጣ እኮ ቆየ!"

ሽሮው ከሰል ሆኗል። ድስቱን ልፈትግ ልሂድ። በስንት ፍጥነት እንደሆነ አትጠይቁኝ።